ጥር ላይ ዝም ያለ መሬት ሐምሌ ላይ ይናገራል

(ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ የልማት ጣቢያ ባለሙያዎችና አርሶ አደሮች በተገኙበት ስብሰባ ላይ ስለ አፈር መታጠብ ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት፤ የደጋገምኩትንም አልቆረጥኩትም።)

እንደምን አደራችሁ?

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ የልማት ጣቢያ ባለሙያዎች፣ የተፋሰስ ኮሚቴ አባላት፣ ወጣቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ካልተሰማችሁ እጃችሁን አውጡ። ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ቀረብ በሉ። የማሳያችሁ ነገር ስላለ ቅርብ ብትሆኑ ይሻላል።

ይኸውላችሁ። ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ሦስቱም አምና ሐምሌ ላይ የተቀዱ ናቸው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ዝናብ በኋላ፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ። ሦስት ጅረቶች ናቸው፤ ታች ሲገናኙ አንድ ወንዝ ይሆናሉ። ሳትነቀንቁ ከሥር የተኛውን ተመልከቱ። ይኼኛው የክር ያህል ጭቃ ነው ያለው። ይኼኛው የጥፍር ውፍረት ይሆናል። ሦስተኛውስ? አንድ ጣት ሙሉ! እየዞረ ይድረሳችሁ፤ በእጃችሁ ያዙት።

አንድ ሰማይ ነው። አንድ ዝናብ ነው። ጅረቶቹ በእግር የግማሽ ሰዓት ርቀት አይለያዩም። ታዲያ አንዱ ክር፣ አንዱ ጣት የሆነው ለምንድን ነው?

ሌላም ልጠይቅ። በዚያ ተፋሰስ ውስጥ፣ ማለትም ውሃው ወደዚያ ወንዝ በሚወርድበት መሬት ሁሉ፣ በጥር ዘመቻ እርከን የተሠራው በብዛት የት ይመስላችኋል? ባለ ክሩ ጅረት ላይ! መንገድ ዳር ስለሆነ፣ ለመድረስ ስለሚቀል፣ ጎብኚ ሲመጣ ስለሚታይ። ሕዝቡ ደክሟል። ላቡን አፍስሷል። ስንቁን ቋጥሮ፣ ዶማውንና አካፋውን ተሸክሞ ስንት ቀን ወጥቷል። አፈሩ ግን በሌላ በኩል እየሄደ ነበር።

ዛሬ የምላችሁ ይኼንን ነው። ከመቆፈራችን በፊት እንፈልግ። አፈር ከተፋሰሱ ሁሉ እኩል አይታጠብም። ከትንሽ ቦታ ነው ብዙው የሚሄደው። ያንን ትንሽ ቦታ ካላገኘነው የሰው ጉልበት እናባክናለን። እንፈልግ፣ ከዚያ እንቆፍር።

ሦስት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። አፈሩ ከየት ይነሳል? መቼ ይነሳል? የሚታጠበው መሬት የማን ነው? የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ታገሡኝ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ አንድ ድንጋይ ላውራችሁ።

ልጅ ሆኜ ከብት የምጠብቀው አባቴ ማሳ ዳር ነበር። ከማሳው ራስጌ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። እሱ ላይ ነበር የምቀመጠው። ስቀመጥ ሁለቱም እግሬ መሬት ይነካል። ይኼ በደንብ ትዝ ይለኛል፤ በአውራ ጣቴ አፈሩን እየጫርኩ ነበር የምውለው። ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ከ20 ዓመት በኋላ አገር ቤት ሄድኩና ያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ትልቅ ሰው ሆኜ እግሬ ተንጠለጠለ!

አባቴን ጠየቅኳቸው። “ድንጋይ እኮ ያድጋል ልጄ” አሉኝ። በእኛ አካባቢ እንዲያ ይባላል። አባቴ ያዩትን ነው የነገሩኝ። ድንጋዩ በየዓመቱ ከፍ ከፍ ሲል አይተዋል። ያደገው ግን ድንጋዩ አልነበረም። መሬቱ ነው የወረደው።

ከዚያ ማሳውን ዞሬ አየሁት። ከግርጌው፣ ድሮ አያቴ የተዉት ሰፊ የሣር ድንበር አለ። ከድንበሩ በላይ ያለው አፈር ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ዱላ ብትሰኩበት ይገባል። ራስጌው ላይ ግን ማረሻው ጭንጫ ይመታ ነበር። አንድ ማሳ ነው። አንድ ገበሬ፣ አንድ በሬ፣ አንድ ዘር። ግማሹ ሲታጠብ ግማሹ ተከማችቷል። በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳን መሸርሸር እኩል አይደለም። በአንድ ተፋሰስ ውስጥማ እንዴት እኩል ይሆናል?

እሺ፤ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። አፈሩ ከየት ይነሳል?

አገራችን በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ተጀመረ። ወሎ ውስጥ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ፣ ወላይታ ጉኑኖ፣ ሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ ኢሉባቦር ዲዚ ላይ ጣቢያዎች ተተከሉ። ሰዎች ክረምት ከበጋ ዝናቡን፣ ጎርፉንና አብሮት የሚሄደውን አፈር ለኩ። ፕሮግራሙን የመሩት ሃንስ ሁርኒ ከዚያ ተነስተው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከእርሻ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር በሄክታር ይታጠባል ብለው ገመቱ።

42 ቶን ማለት ምን ማለት ነው? ወደ ሁለት ሲኖትራክ ሙሉ ጭነት ነው። ከእያንዳንዱ ሄክታር፣ በየዓመቱ። መሬቱ ላይ ስታሰሉት ግን ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው በዓይን አይለይም። ለዚህ ነው የሚያዘናጋን። በ30 ዓመት 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 10 ሳንቲ ሜትር እኮ ማረሻ የሚያገላብጠው አፈር ነው!

አሁን ደግሞ “በአማካይ” የምትለዋን ቃል እንይ። እኔ ይህቺን ቃል እፈራታለሁ። አማካይ መሬት የሚባል መሬት የለም። 5 ቶን የሚሄድበት አለ፣ 150 ቶን የሚሄድበት አለ። 42 እያልን ሁሉንም እኩል ካከምነው፣ ጤነኛውን መርፌ ወግተን በሽተኛውን ተውነው ማለት ነው።

እንዴት እንለያቸው? አሜሪካኖቹ ዊሽማየርና ስሚዝ ያዘጋጁት፣ ባለሙያዎች በትምህርት ቤት የምታውቁት የአፈር ብክነት ቀመር አለ። ስድስት ነገር ያባዛል። ዝናቡን፣ አፈሩን፣ የተዳፋቱን ርዝመት፣ ቁልቁለቱን፣ የመሬቱን ሽፋን፣ የባለቤቱን አያያዝ። ሁርኒ ይኼንን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ አስማሙት። እኔ የምወደው ነገር የአፈሩን ጥንካሬ በቀለሙ እንድንገምት ማድረጋቸው ነው። ለጥቁር አፈር 0.15፣ ለቡናማ 0.20፣ ለቀይ 0.25፣ ለቢጫ 0.30። ቁጥሩ ሲጨምር አፈሩ ቶሎ ይታጠባል። ላቦራቶሪ ለሌለው የቀበሌ ባለሙያ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

አባቶቼ፣ ቁጥር ላብዛባችሁ ነው፤ ለአንድ አፍታ ብቻ። ዝናቡ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር የሆነ ደጋ ውሰዱ። አፈሩ ቀይ። ቁልቁለቱ 20 በመቶ፤ ማለትም መቶ ሜትር ስትሄዱ 20 ሜትር ትወጣላችሁ። ተዳፋቱ መሐል ላይ የሚያቋርጠው ሳይኖር 80 ሜትር ይወርዳል። ጤፍ ተዘርቶበታል፤ ባለቤቱ አግድም ነው የሚያርሰው። በሁርኒ ሰንጠረዥ ስታባዙት በዓመት ወደ 157 ቶን በሄክታር ይመጣል።

ያንኑ መሬት ጥቅጥቅ ያለ ሣር አልብሱት። ዝናቡ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ቁልቁለቱ ያው። 7 ቶን! 157 የነበረው 7 ሆነ።

ጤፉን መልሱትና ተዳፋቱን በየ10 ሜትሩ በእርከን ቁረጡት። ወደ 58 ቶን ይወርዳል። አሁን ደግሞ ጤፉን ቁልቁለቱ 10 በመቶ ብቻ ወደሆነ፣ እርከን ወደሌለው ማሳ ውሰዱት። 71 ቶን። ልብ በሉ፤ ለዘብ ያለው ማሳ፣ እርከን ከተሠራለት ቁልቁል ማሳ የበለጠ አፈር ያጣል። ዓይናችን ግን ሁልጊዜ ወደ ተራራው ነው። “ቁልቁል ነው፣ እዚያ እንሥራ” እንላለን። ቁልቁለት አንዱ ነገር ነው። ያልተቆረጠ ረጅም ተዳፋትና እርቃኑን የቀረ መሬት ከቁልቁለት አያንሱም።

ሕጉም ያየው በቁልቁለት ነበር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ31 እስከ 60 የሆነው በጠረጴዛማ እርከን ብቻ እንዲታረስ አዝዞ ነበር። መነሻ ሆኖ ጥሩ ነው። ግን በቁልቁለት ብቻ ካርታ የሠራ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

ባለሙያዎች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ላሳስብ። 157 ያልኩትን ይዛችሁ አትማሉ። ቀመሩ የሚጠቅመው ለደረጃ ነው። ይኼ ማሳ ከዚያኛው ይብሳል፣ ይኼ ጓሮ ከዚያኛው ይሻላል ለማለት። ማንን መጀመሪያ እናክም የሚለውን ይነግራችኋል። ስንት ኩንታል አፈር እንደሄደ ግን በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ጨርሶ አይቆጥርም። ቦረቦርን! ቀመሩ የሚያውቀው ከገጽ የሚታጠበውንና በትንንሽ ቦዮች የሚወርደውን አፈር ነው። ገደል ሆኖ የሚበላውን አያውቅም።

እኔ ይኼንን ያወቅኩት ከአንዲት እናት ነው።

አንድ ተፋሰስ ላይ ካርታ ሠርተን ወረድን። ተራራውን በቀይ ቀብተነዋል። ታች ያለውን ሜዳ አረንጓዴ አድርገነዋል። ካርታውን ድንጋይ ላይ ዘርግተን ስናወራ እማማ አጠገባችን ቆመው ያያሉ።

“ቀዩ ምንድን ነው ልጆቼ?” አሉ።

“አፈሩ የሚበላው ነው እማማ።”

“አረንጓዴውስ?”

“እሱ ደህና ቦታ ነው።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። “እዚያ ደህና ነው ያላችሁት ላይ እኮ አምና ክረምት ጥጃዬ ሰጥሞ በገመድ ነው ጎትተን ያወጣነው።”

እኛ ሳቅ ብለን አለፍነው። ከሁለት ክረምት በኋላ እዚያው ጥጃው የሰጠመበት ቦታ መሬቱ ተሰንጥቆ ወረደ። መጀመሪያ የሰው ቁመት ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ራስጌው ወደ ላይ እየበላ ሄደና ሁለት ማሳ ወሰደ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ነግረውን ነበር እኮ! ጥጃ የሚሰጥምበት ቦታ ማለት ውሃ የጠገበ መሬት ማለት ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ላስረዳ። ብዙዎቻችን ጎርፍ የሚነሳው ዝናቡ ከመሬቱ የመጠጣት አቅም ሲበልጥ ነው ብለን ነው የተማርነው። በደጋችን ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንዲት ጥድ፣ በአንጀኒ፣ በማይባር የተሰበሰበውን የብዙ ዓመት መረጃ መልሰው አዩት። ከላይ ያለው ደህና አፈር አብዛኛውን ዝናብ ይጠጣዋል። የጠጣው ውሃ ከሥር እየተሳበ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ረባዳው ይሞላል፣ ይጠግባል። ከዚያ በኋላ የመጣ ዝናብ መግቢያ የለውም፤ እንዳለ ይፈስሳል። ስለዚህ ጎርፉ በብዛት የሚነሳው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ውሃ ከጠገበው ግርጌ። ሁለተኛው አፈሩ አልቆ ጭንጫ ከቀረው ተዳፋት።

ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ደብረ ማዊ የሚባል ተፋሰስ አለ። እዚያ ቦረቦሩን ለክተውታል። ከቦረቦሩ የወጣው አፈር ከላይ ከእርሻው ከታጠበው እጅግ የበለጠ ነበር። ቦረቦሩ ያለው ደግሞ ተራራው ላይ አይደለም። ታች ነው። ውሃ የጠገበው መረሬ አፈር ይከብዳል፣ ይለሰልሳል፣ ግንቡ ይናዳል፣ ጎርፉ የተናደውን ጠርጎ ይወስዳል። ራስጌው ደግሞ በየክረምቱ ወደ ላይ ይበላል።

ስለዚህ ፈልጉ ስላችሁ ወደ ላይ ብቻ አትመልከቱ። ወደ ታችም እዩ። ክረምት ላይ ጥጃ የት ይሰጥማል? እረኛው በሐምሌ የትኛውን መንገድ ይሸሻል? ምንጭ ያልነበረበት ቦታ ላይ ነሐሴ ላይ ውሃ የሚያነባው የቱ ነው? ይኼንን የሚያውቅ ሰው ቢሮ ውስጥ የለም። እዚህ ከፊቴ የተቀመጣችሁት ናችሁ የምታውቁት።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ነው። እርከን የምንቆጥረው በኪሎ ሜትር ነበር። በእኔ ቀጠና ኮታው ሞላ፤ ደስ ብሎኝ ሪፖርት ላክሁ። የሠራነው ግን የተዳፋቱ መሐል ላይ ነበር። ከበላያችን ሣር ያልቀረበት ጭንጫ አለ። የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከበላይ አልሠራንም። የጭንጫው ውሃ የት ይሂድ ብዬ አልጠየቅኩም። ሐምሌ ውስጥ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። የላይኛው እርከን ሞልቶ ተሰበረ። የእሱ ውሃ ሁለተኛውን ሰበረ። ሁለቱ ተደምረው ሦስተኛውን። ሁሉም ተሰብስቦ አንድ አዛውንት ማሳ ላይ ወረደ። ጠዋት ስደርስ ማሳው መሐል ላይ ጉልበት የሚያህል ቦይ ተከፍቷል። አዛውንቱ ዳር ቆመዋል። አልተቆጡኝም። “እናንተ ሳትመጡ በፊት እንዲህ አልነበረም” ብቻ ነው ያሉኝ።

ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። እርከኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የተሠራው ቦታው ሳይፈለግ ስለሆነ ነው። ውሃው ከየት እንደሚነሳ ሳናውቅ ቆፈርን። ስለዚህ እደግመዋለሁ። እንፈልግ፣ ከዚያ እንቆፍር!

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መቼ ይነሳል?

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ ግን የዛሬው ንግግሬ ልብ ይኼ ነው። የተፋሰስ ሥራ የምንሠራው መቼ ነው? ጥርና የካቲት። ለሥራው ጊዜው ትክክል ነው፤ አዝመራ ተሰብስቧል፣ ሰው ፋታ አለው። ቦታ የምንመርጠውስ? እሱንም ጥር ላይ ነው! ጥር ላይ መሬቱ ደርቋል። ቦዩ በማረሻ ተደፍኗል። ጅረቱ ጠርቷል ወይ ጠፍቷል። ጥር ላይ መሬት ዝም ይላል። የሚናገረው ሐምሌ ላይ ነው።

እዩት እስቲ። ብዙው አፈር የሚሄደው በክረምቱ መጀመሪያ ላይ ነው። ሰኔና ሐምሌ ውስጥ ማሳው ደጋግሞ ታርሷል። ለጤፍማ ደቆ፣ በከብት ተረግጦ፣ ለስልሶ ነው የሚጠብቀው። አንድም ቅጠል የለበትም። ዝናቡ እርቃኑን መሬት ይደበድበዋል። በዚህ ጊዜ የጅረት ውሃ ብትቀዱ እንደ አጥሚት ነው። መስከረም ላይ ከዚያው ጅረት ቅዱ፤ ዝናቡ ቢዘንብም ውሃው ቀለል ይላል፤ ሰብሉ መሬቱን አልብሶታላ። ስለዚህ የሚታጠበውን ቦታ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ጃንጥላ ይዞ መውጣት አለበት። ዝናቡ እስኪያባራ አትጠብቁ። እየዘነበ ውጡ።

ወጥታችሁ ምን ታያላችሁ? ከታች ጀምሩ። ጅረቶች ከሚገናኙበት ቦታ ቁሙና ከእያንዳንዱ አንድ ጠርሙስ ቅዱ። የውሃውንም ብዛት ገምቱ፤ ጠራ ያለ ትልቅ ጅረት ከደፈረሰ ትንሽ ጅረት የበለጠ አፈር ሊወስድ ይችላል። ከዚያ የከፋውን ጅረት ተከትላችሁ ወደ ላይ ውጡ። መጋጠሚያ በደረሳችሁ ቁጥር እንደገና ቅዱ። የደፈረሰው በስተ ግራ ነው ወይስ በስተ ቀኝ? እንዲህ እያላችሁ ስትወጡ መጨረሻ ላይ አንድ ማሳ፣ አንድ የግጦሽ ተዳፋት ወይም አንድ ቦረቦር ራስጌ ላይ ትደርሳላችሁ። ውሃው ራሱ ይመራችኋል።

እዚያ ስትደርሱ ጎንበስ በሉ። ማሳው ላይ ትንሽ ጠጠር ፈልጉና በዝግታ አንሱት። ከሥሩ የአፈር ምሰሶ ታያላችሁ፤ ጠጠሩ እንደ ባርኔጣ ሆኖ ከዝናቡ ያተረፈው። ምሰሶው ስንት ይሆናል? የጥፍር ያህል ከሆነ በዚያ ክረምት ብቻ በዙሪያው የጥፍር ያህል አፈር ሄዷል ማለት ነው። የዛፍ ሥር እዩ፤ ሥሩ ከተገለጠ መሬቱ ወርዷል። የአጥሩን ሥር እዩ፤ በላይ በኩል አፈር ተከምሮ በታች በኩል ጎድሎ እንደሆነ። የአፈሩን ቀለም እዩ፤ ጥቁር መሐል ነጣ ያለ ጉብታ ካለ የላይኛው አፈር አልቆ የታችኛው ወጥቷል። ለእያንዳንዱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ።

የሳተላይት ምስልስ? ጠቃሚ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሴንቲነል 2 የሚባለው ሳተላይት 10 ሜትር በ10 ሜትር እየለየ ያሳያል፤ በነጻ ነው። የቁልቁለት ካርታም በነጻ ይገኛል። መጀመሪያ በካርታ ጠርጥሩ፣ ከዚያ በእግራችሁ አረጋግጡ። ካርታ ጥጃ የሰጠመበትን አያውቅም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ የሚታጠበው መሬት የማን ነው?

ይኼ ከባድ ነው። የከፋውን ቦታ ስታገኙ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ደሃ ነው። ሌላ መሬት ያጣ ወጣት ነው። ባል የሞተባት እናት ናት። ተዳፋቱን ያረሱት ወደው አይደለም። ታዲያ ካርታ ይዘን ሄደን “ያንተ መሬት ነው ወንዙን የሚያደፈርሰው” ብንለው ምን ይሰማዋል? እርከን ደግሞ መሬት ይወስዳል። ማሳው ጠባብ ለሆነ ሰው አንድ ሜትር ብዙ ነው። ለብቻው ተሸከም አንበለው። አፈሩ ከእሱ ማሳ ቢነሳም ውሃው ሁላችንን ነው የሚጎዳው። ስለዚህ የሕዝቡ ጉልበት መጀመሪያ የሚፈስሰው እሱ ማሳ ላይ ይሁን። እርከኑ ላይ ደሾ ወይም ቬቲቨር የሚባል ሣር ይተከልለት፤ ደሾው ለላሙ ይሆነዋል። ጎረቤት ከብቱን እንዳይለቅበት ደግሞ እናንተው ሽማግሌዎች ቃል ግቡለት። ልቅ ግጦሽ ያለበት እርከን በሁለት ዓመት ይፈርሳል፤ ስንት ጊዜ አይተናል!

ኮንሶዎችን አስቧቸው። የድንጋይ እርከናቸው በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሥራው ግን 21 ትውልድ የዘለቀ ነው። አንዳንዱ ግንብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ከአባት ወደ ልጅ ሲጠገን ሲጠገን ነው የኖረው። ባለቤት ያለው እርከን ማለት ይኼ ነው።

አንድ አባት እዚያ እጃቸውን አውጥተዋል። ይበሉ አባቴ… ጥያቄያቸውን ልድገመው። “እኛ ጋ የቦረቦሩ መነሻ ማሳም አይደለም፣ ተራራም አይደለም። መንገዱ ሲሠራ የተቀበረው ቱቦ ነው። ምን እናድርግ?” እውነት ብለዋል፤ እኔ ዘንግቼው ነበር። መንገድ የብዙ ማሳ ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ይተፋል። ከቱቦው ሥር ያለው መሬት ያንን ሁሉ ውሃ አይችለውም። እሱም የከፋ ቦታ ተብሎ ይመዝገብ። መንገዱን ለሠራው አካል በፎቶ፣ በቀን፣ በዝናብ ጊዜ የተነሳ ምስል ይዛችሁ ሂዱ። በጥር ሄዳችሁ ብትነግሩት ደረቅ ቱቦ ነው የሚያየው። ውሃው ከቱቦው አፍ የሚወድቅበት በድንጋይ ይነጠፍ፤ ከዚያ እስከ ወንዙ የሚወስደው መውረጃ ሣር ይልበስ።

ጊዜዬ አልቋል፤ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። የቤት ሥራ ሰጥቻችሁ ልውረድ። የሰኔ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል፣ በዚያው ቀን ወደየተፋሰሳችሁ ውጡ። አንድ ባለሙያ፣ አንድ አዛውንት፣ አንድ እረኛ ሆናችሁ ሂዱ። እረኛውን አትርሱ፤ ከሁላችንም ይበልጥ እሱ ነው ክረምቱን ሜዳ ላይ የሚውለው። የቀዳችሁትን ጠርሙስ ስምና ቀን ጻፉበት፣ ሳትነቀንቁ አስቀምጡት። ጥቅምት ላይ እዚሁ አዳራሽ እንገናኝና ጎን ለጎን ደርድረን እናያቸዋለን። የጥር የሥራ ቦታ የሚመረጠው ያን ቀን ነው።

ባዶ ጠርሙሶች በሩ አጠገብ በጆንያ አስቀምጫለሁ። ስትወጡ ሦስት ሦስት ውሰዱ። ክዳናቸው እንዳይጠፋ።

አመሰግናለሁ።